ቤት የተሠራለት ሰው

በሰንበቴ እሑድ ቤት አይሠራም። ክርስቲያኑ ሰንበቱን ያከብራል፤ ሙስሊሙ ገበያ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሸዋ ሮቢት አልፎ አጣዬ ከመደረሱ በፊት ያለችውን ይህችን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ብዙ ሰው የሚያውቃት በእሑድ ገበያዋ ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይመጣል፤ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ከየአቅጣጫው ይገናኛል። በዚያ ቀን ምሰሶ አቁሙልኝ ብሎ ጎረቤት የሚጠራ ሰው ቢኖር የሚደርሱለት ሕፃናት ብቻ ናቸው።

ሌላውም ቀን ቢሆን እንዲሁ አይገኝም። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጁምዓ አለ። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም አለ፤ በእነዚህ ቀናት መሬት የሚቆፍር ክርስቲያን የጎረቤት መነጋገሪያ ይሆናል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ርገጥልኝ ተብሎ የሚለመን ጾመኛ የለም። ስለዚህ በዚህ አገር ቤት መሥራት የሚጀመረው ጉድጓድ በመቆፈር ሳይሆን ቀን በመቁረጥ ነው። ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ? ምሳው ሥጋ ይኑረው? ሥጋ ከኖረስ ማን ይባርከው? ብዙውን ጊዜ ነገሩ በሽሮና በጎመን፣ በንፍሮና በቡና ያልቃል፤ ማንም ከማንም ገበታ ሳይሸሽ አብሮ ይበላል። ይህን የመሰለ ብልኀት በፕሮጀክት ሰነድ ላይ ተጽፎ አይገኝም።

ከሩቅ የመጣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ለድኻ ቤተሰብ ቤት እሠራለሁ ብሎ እዚህ ቢደርስ መጀመሪያ የሚገጥመው ይኸው የቀን ነገር ነው። እሱስ በሽማግሌ ይፈታል። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው፦ ቤት የተሠራለት ሰው ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ውስጥ ምን ሆኖ ይኖራል?

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሰንበቴና ከሚሴ ባሉበት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን 457 ሺህ ገደማ ሕዝብ ተቆጥሯል፤ ከመቶው 97 ያህሉ ሙስሊም ነው። እንግዲህ ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ የተነሡ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሰንበቴ ወይም ከሚሴ ላይ ከሁሉ የደኸየውን ቤት ፈልጉ ቢባሉ፣ የሚያንኳኩት በር የሙስሊም በር ነው። ሌላ ቦታ ይህ ክርክር ሊያስነሣ ይችል ይሆናል፤ ለወሎ ሰው ግን አዲስ አይደለም። መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ እንጨት ያቀርባል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ሙስሊሙ ድንጋይ ያቀብላል ሲባል እዚህ የሚደነቅ የለም። ሌላው እድር የሚለውን ወሎዬው ቅሬ ይለዋል፤ በብዙ መንደር ሁለቱም ሃይማኖቶች ያሉበት አንድ ቅሬ ነው። ሬሳ ሲወጣ ሃይማኖት ሳይጠየቅ ሁሉም ይወጣል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ለሙስሊም ቤት መሥራቱ የሚያስመሰግነው ነገር አይደለም፤ ደርሶበት ካላደረገው ነው የሚያስነቅፈው።

ቤቱ ራሱ የጭቃ ቤት ነው። በቆላው ምስጥ የማይበላው እንጨት የለምና መሬት የሚገባው የቋሚው ጫፍ በእሳት ይለበለባል፣ ወይም ከጋራዥ የተገኘ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ቋሚ ይቆማል፣ ማገር ይመታል፣ ወራጅ ይወጣል፣ ቆርቆሮ ይለብሳል። ጣሪያው ከግድግዳው ጭቃ ይቀድማል፤ ምርጊቱ ዝናብ ሳይመታው በጥላ እንዲደርቅ ነው። ጭቃው ግን የራሱ ጊዜ አለው። አፈሩ ተቆፍሮ ይከመራል፣ መሐሉ ይጎደጎዳል፣ ውኃ ይሞላበታል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል። ሰው ሱሪውን ጠቅልሎ ይገባበታል። የመጀመሪያው ረገጣ ካለቀ በኋላ ጭቃው ተሸፍኖ ይተዋል፤ ጭዱ እየበሰበሰ ይቦካል፣ ይሸታል፣ ይጣበቃል። ከቀናት በኋላ እንደገና ይረገጣል። በደንብ ሳይቦካ የተመረገ ግድግዳ ሲደርቅ እንደ ቆላ መሬት ይሰነጣጠቃል።

የአንድ ቀን በጎ ፈቃደኛ ከሁለቱ ረገጣዎች አንዱን ብቻ ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ቀን ከሆነ ጭፈራው፣ ፎቶው አለ። በሁለተኛው ረገጣ ግን ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ እግር ላይ የተጣበቀው ቶሎ አይለቅም፤ የሚዘፍንም የለም። ያን ቀን ማን እንደመጣ የባለቤቲቱ ልጆች ሲያስታውሱ ይኖራሉ።

አገሬው ለዚህ ሥራ የቆየ መላ አለው። ወንፈል ሒሳቡ ጥብቅ ነው፤ አንድ ቀን የሠራህልኝን አንድ ቀን እመልስልሃለሁ፣ በሬ ካመጣህ በሬ አመጣለሁ። ደቦ ላላ ይላል፤ የጠራው ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፣ የመጣው ይሠራል፣ ቀኑን ማንም አይቆጥርም፤ ሁሌ የሚቀር ሰው ግን ቀኑ ሲደርስበት ጥሪው ሰሚ ያጣል። በሁለቱም ዘንድ የሚገርመው የባለቤቱ ቦታ ነው። ደቦ የጠራ ሰው እየተረዳ ያለ ሰው አይመስልም። ጋባዥ ነው። «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» እያለ ይለምናል፤ ማገሩ ጠመመ ብሎ ይቆጣል፤ ደከማችሁ አረፍ በሉ ይላል። ሥራውን የሚሠሩለት ሰዎች የእሱ እንግዶች ናቸው። ችግሩን ሳይሆን ቤቱን ነው የሚያሳያቸው።

ምንም የሌላትስ? የሚያርስ ልጅ የሌላት ባልቴት ወንፈል መግባት አትችልም፤ የምትመልሰው ጉልበት የላትም። ቢሆንም ደቦ ትጠራለች፤ ጥሪዋም ይሰማል። የምትከፍለው በቡና ነው። አቦሉ ሲቀዳ፣ ቶናው ሲደገም፣ በረካው ሲደርስ ትመርቃለች። የመጡት ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ጭምር፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አሜን» ይላሉ። በወሎ ይህ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም። የአሮጊት ዱዓ ልጅ ያሳድጋል፣ ከብት ያረባል፣ መንገድ ያቀናል ብሎ የሚያምን ሰው፣ ግማሽ ቀን ጭቃ ረግጦ ምርቃት ይዞ ሲሄድ ተከፍሎት ነው የሚሄደው። ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ባልቴቲቱ በነጋታው ከውኃ ስትመለስ ቢያገኟት አንገቷን አትደፋም።

የፈረንሳዩ የሥነ ሰብእ ሊቅ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው የስጦታ ጥናቱ ሦስት ግዴታዎችን ለይቷል፦ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። የሚከብደው ሦስተኛው ነው። መመለሻ የሌለው ስጦታ ተቀባዩን ዝቅ ያደርገዋል። የሰንበቴ ባልቴት ሞስን ሳታነብ ይህን ስለምታውቅ ነው ቡናዋን ከራሷ አፍ ቀንሳ የምታስቀምጠው። ከከተማ የመጣ ማኅበር ግን ምሳውን በፌስታል ይዞ፣ ውኃውን በላስቲክ ጠርሙስ ጭኖ፣ ቡናዋን «አይ እማማ፣ አትቸገሩ» ብሎ ትቶባት ሲሄድ ደግነት የሠራ ይመስለዋል። ብቸኛ መክፈያዋን ነው ሳይቀበላት የሄደው።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሌላ ነገር ጠይቆ ነበር፦ ውለታ የዋለ ሰው ውለታ የተዋለለትን የሚወድደውን ያህል፣ የተዋለለት ለምን መልሶ አይወድደውም? ብዙ ሰው ነገሩን በብድር ይመስለዋል፤ ተበዳሪ አበዳሪው ባይኖር ይመርጣል፣ አበዳሪ ግን የተበዳሪውን ደኅንነት ይመኛል። አርስቶትል ይህ አልበቃውም። ውለታ የዋለው ሰው እንደ አንጥረኛ ወይም እንደ ገጣሚ ነው አለ፤ የእጁን ሥራ ይወዳል፣ ምክንያቱም በሥራው ውስጥ ራሱ አለ። ቤት ሠርቶ የተመለሰ ወጣት ስለዚያች ባልቴት ለዓመታት የሚያወራው ለዚህ ነው። ስሟን ላያስታውስ ይችላል፤ ግድግዳውን ግን አይረሳውም። እሷ ደግሞ ወጣቱ ከእሷ ግድግዳ ጋር ያለውን ፍቅር የምትጋራበት ምክንያት የላትም፣ ግድግዳውን አብራ ካልሠራች በስተቀር። ጭዱን የነሰነሰች፣ ውኃውን በጀሪካን ያመላለሰች፣ እዚህ ጋ መስኮት ይሁን፣ በሩ ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ጓሮ ይዙር ያለች ሴት የአንጥረኛው ሥራ ተካፋይ ናት።

ይህን ነገር በድርጅት መልክ ካሰቡት መካከል ሚላርድ ፉለር የሚባል አሜሪካዊ አለ። በአላባማ ሞንትጎመሪ ጠበቃና ነጋዴ ሆኖ 30 ዓመት ሳይሞላው ሚሊዮነር ሆነ፤ ትዳሩ ሊፈርስ ሲል ከሚስቱ ከሊንዳ ጋር ሀብታቸውን ሰጥተው በጆርጂያ ወደምትገኝ ኮይኖኒያ ወደተባለች እርሻ ሄዱ። እርሻዋን እ.ኤ.አ. በ1942 የመሠረተው ክላረንስ ጆርዳን የተባለ የባፕቲስት ሰባኪና የግሪክኛ ሐዲስ ኪዳን ሊቅ ሲሆን፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ ገበታ ስለሚበሉባት ጎረቤቶቿ በጥይትም በገበያ እገዳም ፈትነዋታል። ሁለቱ ሰዎች በ1968 የነደፉት እቅድ አጭር ነበር፦ ለድኻ ጥቁር ገበሬዎች ቤት ይሠራል፣ ትርፍና ወለድ አይጨመርበትም፣ ቤተሰቡ ራሱ በጉልበቱ ይሠራል፣ የቤቱን ዋጋ በዓመታት ይከፍላል፣ የተከፈለው ገንዘብ ለሚቀጥለው ቤት ይውላል። ጆርዳን በ1969 ሞተ። ፉለር ሐሳቡን ዛየር ውስጥ በምባንዳካ ከተማ ከሞከረ በኋላ በ1976 ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲን መሠረተ። ኢትዮጵያ ውስጥ ድርጅቱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1984፣ ጂሚ ካርተር የአናጢ ቀበቶ ታጥቀው ኒው ዮርክ ውስጥ መዶሻ ሲያነሡ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ዞሮ አየው፤ ብዙ ሰው ድርጅቱን የካርተር የሚመስለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከፉለር ሐሳብ መካከል ለከሚሴና ለሰንበቴ ሰው ማብራሪያ የማያስፈልገው የወለዱ ነገር ነው። ፉለር የተነሣው ከኦሪት ዘጸአት 22 ነው፤ ለድኻ ወገንህ ብታበድር ወለድ አትጫንበት ከሚለው ሕግ። በእስልምናም ወለድ ሐራም ነው። ስለዚህ ባንክ ደጃፍ ደርሶ በሃይማኖቱ ምክንያት የሚመለስ የከሚሴ ነጋዴና በጆርጂያ እርሻ ላይ ግሪክኛ የሚፈታ ሰባኪ ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል። ሌላው ቀርቶ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የኦርቶዶክስ ማኅበር «ወለድ የለውም፣ በትንሽ በትንሹ ትከፍላለህ፣ የከፈልከው ለጎረቤትህ ቤት ይሆናል» ቢል ለመስጊዱ ኢማም ማስረዳት አይቸግረውም።

የሚቸግረው ብሩ ነው። ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት አገር በብር የተበደሩት ብድር ወለድ ከሌለው እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ዛሬ የአንድ ቤት ቆርቆሮ የገዛው ገንዘብ በአሥር ዓመት ተከፍሎ ሲመለስ ምስማሩን እንኳ ላይገዛ ይችላል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ለመግዛት የወጣ ሰው ሁሉ ይህን በኪሱ ያውቀዋል። ስለዚህ እዚህ አገር ወለድ አልባ ብድር ማለት ግማሽ ምጽዋት ማለት ነው፣ አበዳሪው ቢያምንም ባያምንም። ግን ግማሹ እንኳ ይጠቅማል። ወር በመጣ ቁጥር መቶ ብር ይዛ የምትሄድ ሴት ቤቷን ስትገባበት የምትገባው በሌላ ልብ ነው።

ኢትዮጵያ ደግሞ ሌላውንም ዓይነት ታውቃለች፣ ማለትም በትእዛዝ የሚመጣውን በጎ ፈቃድ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ፤ ፊደል አስተማሩ፣ ትምህርት ቤት ሠሩ፣ የመሬቱን አዋጅ አስረዱ፣ ከገበሬው ጋር ተዋወቁ፣ ጥቂቶቹም ከመንግሥት ጋር ተጣሉ። የወጣትነታቸውን ምርጥ ጊዜ ያሳለፉት እዚያ እንደነበር የሚናገሩ የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬም አሉ፤ መታዘዛቸው ፍቅራቸውን አላስቀረውም።

የመንደር ምሥረታው ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በሐረርጌ ተስፋፍቶ ወደ ብዙ ክፍላተ ሀገር የተዛመተው ይህ ዘመቻ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ገበሬ በመስመር ወደተቀየሱ መንደሮች አስገብቷል። ጎጆዎቹ የተሠሩት በጋራ ጉልበት ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ደቦ ይመስላል። እንጨቱ ከአሮጌው ቤት ተነቅሎ መጣ፣ ሣሩ ታጨደ፣ ሰው ተሰለፈ፣ ጎጆው በቀናት ቆመ። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅና የካድሬው ክንድ ሲላላ በብዙ ቦታ ገበሬው ጎጆውን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ማሳው ተመለሰ። እነዚያን ጎጆዎች ያቆመ ጉልበት አልጎደለም፤ ጭቃውም በደንብ ቦክቶ ሊሆን ይችላል። ማንም «ብሉልኝ» ያላለበት፣ ባለቤቱ ጋባዥ ያልሆነበት ደቦ ነበር። በታሪካችን ውስጥ ለሌላ ሰው ቤት ስለመሥራት ከተማርናቸው ትምህርቶች መካከል ዋጋው እጅግ የከበደው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙም ግን አይጠቀስም።

ዛሬ የሚታየው የክረምት በጎ ፈቃድ ነው። በተለይ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው የአረጋውያንን ቤት በማደስ ሲታዩ፣ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ከክልል እስከ ቀበሌ የየመሥሪያ ቤቱ የክረምት ሥራ ሆኗል። የሰንበት ትምህርት ቤቶችም፣ የመስጊድ ጀመዓዎችም፣ ባንኮችም ገብተውበታል። ብዙ ጣሪያ ተቀይሯል፤ ይህን ማቃለል ተገቢ አይደለም፣ በሐምሌ ሌሊት አልጋውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲገፋ ያደረ ሰው ቆርቆሮ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ወቅቱ የተመረጠው ለሠሪዎቹ ነው እንጂ ለቤቱ አይደለም። ክረምት ተማሪው የሚያርፍበት ነው፤ ጭቃው ግን የማይደርቅበት ነው። ገበሬውም በሐምሌና በነሐሴ ከማሳው አይነሣም፤ አረም አለ፣ የጤፍ እርሻ አለ። እንግዲህ በደቦው ላይ መገኘት ያለበት ጎረቤት የሌለበት ቀን ተመርጦ፣ ጭቃው በማይደርቅበት ወር፣ ከከተማ የመጣ ሰው ቤት ይሠራል። በገጠሩ የጭቃ ቤት ወግ ትክክለኛው ጊዜ እህል ከገባ በኋላ፣ በበጋው ነው። ያኔ ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው።

ካሜራውም አለ። ቤቱ ሲያልቅ ቁልፍ ይሰጣል፤ አንዳንዴ ከካርቶን የተሠራ ትልቅ ቁልፍ ሁሉ ይመጣል፣ ባልቴቲቱ በሁለት እጇ ይዛው ትቆማለች። ከኋላ ጨርቅ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምጽዋት ቀኝ እጅ ሲሠራ ግራ እንዳያውቅ ተብሏል፤ በሱረቱል በቀራ ምጽዋትን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳያበላሹት ተከልክሏል። ሁለቱም መጻሕፍት በከሚሴ በየቀኑ ይነበባሉ። ታዲያ ፎቶውን የሚያነሣው ማን ነው ቢባል፣ ሁለቱንም መጻሕፍት የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። መልሱ የታወቀ ነው፦ ፎቶ ከሌለ ሪፖርት የለም፣ ሪፖርት ከሌለ ለሚቀጥለው ዓመት ቆርቆሮ የሚገዛ የለም። እውነትነት አለው። ቢሆንም ባልቴቲቱን ከቁልፉ ጋር ከማቆም ይልቅ ቡና ስታፈላ ወይም የጠመመ ማገር ስታሳይ ማንሣት ይቻል ነበር። ሪፖርቱ ያው ሪፖርት ነው፤ እሷ ግን በሁለተኛው ፎቶ ላይ ጋባዥ ናት።

የቤቱም ባለቤትነት እንዲሁ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በከተማ ብዙ ድኻ የሚኖረው በቀበሌ ቤት ነው። እድሳቱ የሚደረግለት ቤት የእሱ አይደለም፤ ነገ ለልማት ይነሣል ከተባለ ምርጊቱ አብሮ ይሄዳል። ለማኅበሮቹ ይህን የሚነግራቸው ቢኖር ከቆርቆሮው በፊት ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሄዱ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት በመዝገብ ቤት ወረፋ ላይ ቆሞ አንዲት ሙስሊም ባልቴት የይዞታ ወረቀት እንድታገኝ ሲሟገት ማየት ፎቶ አይስብም፤ ከጭቃው የበለጠ ሥራ ግን ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚባለው ጎረቤት ባለበት ነው። የሰንበቴና የአካባቢዋ ነገር ከዚህ የከበደው ጎረቤት ራሱ የተጎዳበት ስለሆነ ነው። መጋቢት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አዋሳኝ ወረዳዎች በተነሣው ግጭት ከ300 በላይ ሰዎች እንደተገደሉና ከ1,500 በላይ ቤቶች እንደተቃጠሉ የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም አስታውቋል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ተደገመ፤ አጣዬ ከተማ ነደደች። ከሰንበቴ አጣዬ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እሑድ ገበያ አብሮ ሲውል የኖረ ሰው ነው ሁለቱም ወገን ውስጥ ሙቱን የቀበረው፣ ሁለቱም ወገን ውስጥ ቤቱ የተቃጠለበት። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴን አልፎ ሲወርድ ያው ሰው እንደገና ተፈናቀለ።

ከዚህ በኋላ ደቦ ማን ይጠራል? ማንስ ይመጣል? ቆርቆሮና ምስማር ከአዲስ አበባ ሊመጣ ይችላል፤ መጥቷልም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የውጭ ሰው የሠራው ቤት የሚያዋጣ ይመስላል፤ ከሩቅ የመጣ ወጣት ከማንም ጋር ደም የለውም። ነገር ግን ያ ቤት ሲያልቅ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። በወሎ አበጋር የሚባሉ፣ ደም ያደረቁ አስታራቂዎች አሉ፤ እርቅ ወርዶ ጉማ የሚባለው የደም ካሳ ሲቆረጥ ከብትና ገንዘብ ይቆጠራል። ጉማው በከብት ብቻ ሳይሆን በጉልበትም እንዲቆረጥ ቢደረግስ? የጅሌ ጥሙጋ ወጣት ለአጣዬ ሰው ማገር ቢመታ፣ የአጣዬው ደግሞ ሰንበቴ ላይ ጭቃ ቢረግጥ? ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ግን የተቃጠለው ቤት ባለቤት እነዚያን እጆች በግቢው ውስጥ ለማየት ዝግጁ መሆን አለበት፤ ይህን ማንም ማኅበር፣ ማንም ቤተ ክርስቲያን፣ ማንም መስጊድ ሊያዝበት አይችልም። ተቀባዩ «አልፈልግም» ማለት የሚችልበት ስጦታ ብቻ ነው ስጦታ የሚባለው። የመንደር ምሥረታው ሠሪዎች ያልሰሙት ይህን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር እዚህ የሚጠቅመው ምናልባት በመሐል በመቆም ነው፦ መጀመሪያ በራሱ እጅ ሲሠራ ታይቶ፣ ከዚያ ሁለቱን ወገን ለሁለተኛው ረገጣ ጠርቶ፣ ቡናውን ባለቤቲቱ እንድታፈላ ትቶ።

ለሥራው ደግሞ የሚቀሩ ነገሮች አሉ፣ ሁሉም ትንንሽ። በክረምት የተመረገ ግድግዳ በጥቅምት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ካልተደፈነ ምስጥ ይገባበታል፣ ቀጥሎ ማገሩ ይበላል። ልስኑን በየዓመቱ በአመድና በእበት ማደስ ያስፈልጋል፤ አሮጊት ሴት ደግሞ መሰላል ላይ አትወጣም። ማኅበሩ ቤቱን ባስረከበ በሦስተኛው ወር አዲስ አበባ ላይ ነው፣ ከሰንበቴ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። እዚያው ያለው ቅሬው ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ከቆርቆሮው ግዢ በፊት ወደ ቅሬው ዳኛ ሄዶ፣ ባልቴቲቱ የቅሬው አባል መሆኗን መጠየቅ አለበት፤ ካልሆነች የመግቢያዋን ከፍሎ ማስገባት፣ ለልስን የሚሆን አፈርና ጭድ የሚያቀርብ ሰው በቅሬው ስም ማስመዝገብ፣ ከዚያም በጥቅምት ከማኅበሩ አንድ ሁለት ሰው ማክሰኞ ቀን ተነሥቶ መሄድ፤ ካሜራ ሳይይዝ፣ ምሳ ሳይቋጥር፣ ቡናውን ሊጠጣ።